«ግሊተሪንግ» ያልኳት ላም

ሰው በአፉ ጠንቅ ሲደበደብ፣ በአፉ ጠንቅ ሲከሰስ ሰምታችሁ ይሆናል። በአንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ሰበብ ሚስት ያጣ ሰው ግን ያያችሁ አይመስለኝም። ማየት ካማራችሁ ሐይቅ ከተማ ብቅ በሉ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ የስልክ መሸፈኛና የቻርጀር ገመድ በተንጠለጠለባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አቀርቅሬ ታገኙኛላችሁ። ቀና ብዬ ካላየኋችሁ አትቀየሙኝ፤ ምክንያት አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

ስልክ መጠገን እንግሊዝኛ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የተሰነጠቀ ስክሪን በየትኛውም ቋንቋ የተሰነጠቀ ነው። እኔን ግን ምን እንዳቅበጠበጠኝ አላውቅም፣ በየጧቱ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚልክ ነገር ስልኬ ላይ ጫንኩ። መጀመሪያ የላከልኝ ቃል ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ማለት ነበር። እኔ ሐይቅ ተቀምጬ ምን ላድርገው? ቀጥሎ በባላባት ቤት በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚያስገባ አሽከር የሚል መጣ። እሱንም ዝም አልኩት። ከዚያ አንድ ጧት «ግሊተሪንግ» መጣ። የሚያብረቀርቅ፣ የሚያብለጨልጭ ማለት ነው ይላል። የሱቄን በር ከፍቼ ቀና ስል፣ የፊት ለፊቱ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ አርፋበት ዓይን ያጥበረብራል።

«ግሊተሪንግ!» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ጮክ ብዬ።

ቃሉ አፍ ውስጥ ሲንከባለል እንዴት እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያብረቀርቅ ነገር ፍለጋ ወጣሁ። ታጥቦ የቆመ ባጃጅ፣ የፀጉር አስተካካዩ መስታወት፣ የሊስትሮ እጅ ያረፈበት ጫማ፣ ካርድ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ የወርቅ ጥርስ፣ ሁሉም ግሊተሪንግ ሆነ። ሐይቁማ ጧት ጧት ፀሐይ ስትወጣበት ለዚህ ቃል ተብሎ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ከማል የባጃጁን መስታወት ዙሪያውን በቢጫና አረንጓዴ ዘርፍ አስውቦ ሊያሳየኝ ቢመጣ ግሊተሪንግ አልኩት። ዓሣ አስጋሪው ጋሽ ገብሬ ከጀልባቸው ያወረዱትን ቆሮሶ ሳር ላይ ዘርግተው ቢያሳዩኝ፣ የዓሦቹ ቅርፊት እንደ አዲስ ሳንቲም ሲብለጨለጭ አየሁና ግሊተሪንግ አልኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ በተለይ የወሎ ሰው ላልሆናችሁ። እኛ ዘንድ የሰው ነገር አይተህ ካማረህ «ማሻአላህ» ትላለህ። እስላሙም ይላል፣ ክርስቲያኑም አብሮ ይላል። አላህ የሻው ነው፣ እኔ አልተመኘሁትም፣ ዓይኔ አይጉዳው ማለት ነው። ማሻአላህ ያልተባለበት አድናቆት ሰውን ያስደነግጣል፤ ልጁን ያደነቅክበት ሰው ልጁን ያቅፋል፣ በሬውን ያደነቅክበት በሬውን ወደ በረት ያስገባል። ይህን የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። እኔም በአማርኛ ሳደንቅ አንድም ቀን ዘንግቼው አላውቅም። በእንግሊዝኛ ሳደንቅ ግን ማሻአላህ የሚባለው የት ጋ እንደሆነ አላወቅኩም። ከቃሉ በፊት ነው? ከቃሉ በኋላ ነው? ቃሉ የፈረንጅ ስለሆነ ከነጭራሹ የማያስፈልገው መሰለኝ። አፈር በበላሁ!

በዚያው ሰሞን ደግሞ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሰዓዳ ትባላለች። ቤታቸው አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ መንደር ነው። መጀመሪያ ያወቅኳት ስልኳን ላሠራ ብላ ሱቄ መጥታ ነው። ስልኩ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ችግሩ ከባድ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ አመላለስኳት። በሦስተኛው «ስልኬ ነው የታመመው ወይስ አንተ?» ብላ ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት፤ ሳቀች። አጎቴ እንድሪስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄደው አባቷን ጋሽ ይማምን ጠየቁ። ጋሽ ይማምም እንደ ወጉ «እስኪ እንመካከርበት» ብለው መለሷቸው። የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ እየጠበቅን ነበር። እኔ የምፈልገው በዓለም ላይ ይህችን እሺታ ብቻ ነበር።

ዝም ብዬ ብጠብቅ ምን ነበረበት? ጋሽ ይማም ለጥገና የተውት ስልክ ነበርና እሱን አድርሼ፣ በዚያውም የተማርኩ ሰው መሆኔን አሳይቼ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ። ከማል በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰኝ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ስደርስ ጋሽ ይማም ላማቸውን ከአርዲቦ አጥበው መመለሳቸው ነው። ሎሚ ትባላለች። በቅርብ የወለደች፣ ደረቷ የሰፋ ቀይ ላም ናት፤ እርጥብ ጠጉሯ ላይ ፀሐይ አርፋበት ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ትንቦገቦጋለች።

«ግሊተሪንግ!» አልኩ።

«ምን አልክ ልጄ?» አሉ ጋሽ ይማም።

«እንግሊዝኛ ነው ጋሼ። ታብረቀርቃለች ማለት ነው።»

«አሃ» አሉና ዝም አሉ። ዝም ብቻም አይደለም፣ ጠበቁ። የሰዓዳ እናት እትዬ ዘሐራ የወተት ቅሉን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ። ሰዓዳ በበሩ ጥግ ብቅ ብላ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ላሟም ማመንዠኳን ያቆመች መሰለኝ።

ገባኝ ብዬ አሰብኩ። እንግሊዝኛው አንሷቸው ነው።

«ቬሪ ግሊተሪንግ!» አልኩ፣ ሁለት እጄን ጭምር ዘርግቼ።

እትዬ ዘሐራ «ያ ረቢ!» ብለው ነጠላቸውን ከትከሻቸው መንጨቅ አደረጉና ላሟ ላይ ጣሉባት። ጋሽ ይማም ስልካቸውን ተቀበሉኝና «በል ልጄ፣ መሽቶብሃል፣ መንገዱም ሩቅ ነው» አሉኝ። ገና ምሳ ሰዓት አላለፈም ነበር። እኔ ሞኙ ግን ለእኔ አስበው ነው ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጥቶ ቁልቁለቱን እያፏጨሁ ወረድኩት። ሰዓዳ ከንፈሯን የነከሰችውም በአድናቆት ነው አልኩ።

በማግሥቱ ጧት ከማል ባጃጁን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ገባ።

«ጉድህን ሰማህ?»

«የምን ጉድ?»

«የጋሽ ይማም ላም ወተቷን ነሳች። ጥጃዋን እንኳ አታስጠጋም፣ ትራገጣለች አሉ። ሰፈሩ በሙሉ አንተን ነው የሚለው። በፈረንጅ አፍ ዓይኑን ጣለባት እያሉ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ቃል እኮ ነው ያልኩት።»

ከማል ዞር ብሎ ባጃጁን ያይ ጀመር። ቀስ ብሎ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ቆይ እስኪ… ባለፈው ባጃጄን ምን ነበር ያልካት?»

«ምንም።»

«ግሊ ምናምን አላልካትም? ወላሂ ብለሃታል! በዚያው ቀን አይደለም እንዴ ሲኖትራክ ድንጋይ አፈናጥሮ መስታወቴን ያወረደው?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ጋሽ ገብሬ ሰምተው መጡ። መረባቸው ቆሮሶውን ባደነቅኩበት ማግሥት ለሁለት ተተርትሯል። ያ መረብ ተጠግኖ ተጠግኖ ጥገናው ብቻ የቀረ መረብ ነበር፤ ግን ማን ይስማኝ? «በስመ አብ! ምነው ልጄ፣ ከእኔ ጋር ምን ነበረህ?» ብለው ሲጠይቁኝ አንጀቴን በሉት። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ ፎጣ ሰቀለ። የወርቅ ጥርስ ያላት ሴትዮ ከእኔ ጋር ስታወራ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች። እናቶች በሱቄ ሲያልፉ የልጆቻቸውን ፊት በሻሽ ይሸፍናሉ። አንድ ሙሽራ ያጀበ ሰልፍ በእኔ በኩል ላለማለፍ አስፋልቱን ትቶ በጭቃው መንገድ ዞረ።

ከሁሉም የገረመኝ ሥራ ማግኘቴ ነው። አንድ ምግብ ቤት ያለው ሰው መጥቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስልክ የሚያሠራ መስሎኝ ነበር።

«ከእኔ ማዶ አዲስ ምግብ ቤት ተከፍቷል፣ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

«ሰውየው በር ላይ የሚበራ የሚጠፋ መብራት ሰቅሏል። ደንበኛዬን ሁሉ ወሰደው። እባክህ ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሂድና እዩኝ ብሎ በተሰቀለው መብራት ላይ ያቺን ነገር በልልኝ።»

አባረርኩት። ቀጥሎ የሰፈሩ የኳስ ቡድን አምበል መጣ። ሊገጥሟቸው የሚመጡት ልጆች በረኛ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ጓንት አለው አሉ፤ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ጓንቱን እንዳደንቅለት ነው የፈለገው። ትራንስፖርትና ምሳ በእነሱ ነው። አሁን ሳወራችሁ ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከንፈሬ እንኳ አልተላቀቀም። ጋሽ ይማም ለአጎቴ የላኩት ቃል ደርሶኝ ነበርና፦ «ላሜን ያየበት ዓይን ልጄን ሊያይ ነው?»

አጎቴ እንድሪስ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ከዘራቸውን መደርደሪያዬ ላይ ደገፍ አድርገው ቁልቁል አዩኝ።

«አንተ፣ ለመሆኑ ማሻአላህ ማለት ምን ያደክማል?»

«በእንግሊዝኛ የት ጋ እንደሚገባ አላወቅኩም አጎቴ።»

«በእንግሊዝኛ የማታውቀውን ምን አንቀዠቀዠህ?» አሉና ተነፈሱ። «አብሽር፣ መላ አለው። ትታጠባለህ።»

መላው ይህ ነው። ዓይኑ ጎዳ የተባለ ሰው ይታጠባል፤ የታጠበበት ውኃ በተጎዳው ላይ ይፈሳል። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ ጋሽ ይማም ቤት ወጣን። ግቢው መሃል ሳፋ ተቀመጠልኝ። መንደሩ በሙሉ አጥሩን ተደግፎ እያየኝ ፊቴን፣ እጄን እስከ ክርኔ፣ እግሬን ታጠብኩ። ልታገባት ከምትመኛት ልጅ ፊት ሱሪን ሰብስቦ እግር መታጠብ ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም። አጎቴ ሳፋውን አንስተው ከላሟ ጀርባ ሲጠጉ፣ ሎሚ ሆዬ አንድ ጊዜ ብቻ ተራገጠች። ግማሹ ውኃ ላሟ ላይ፣ ግማሹ የአጎቴ ነጭ ጀለቢያ ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም። አጎቴም ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ «አልሐምዱሊላህ፣ ደርሷታል» አሉ። እኔም ላሟ ፊት ቆሜ፣ ሁሉም እየሰማኝ ማሻአላህ አልኳት። በቀስታ፣ ጥርት አድርጌ፣ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚለው።

ላሟ ዳነች። ያን ዕለት ጧት የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ጡቷ አብጧል ብሎ መርፌ ወግቷት ነበር፤ ሐኪሙን ግን ያነሳው የለም፣ እኔም አላነሳሁትም። ወተቷ ሲመለስ ጋሽ ይማም ራሳቸው አስጠርተውኝ «አውፍ ብያለሁ። ሰው ይሳሳታል» አሉኝ። የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። ከማል ስቆ ታረቀኝ። ያን ቀን ስመለስ በእግሬ ሄድኩ ወይስ በረርኩ አላውቅም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት!

ቀኑ በተቆረጠ ማግሥት አጎቴ ክንዴን ይዘው አንድ ምክር መከሩኝ። «ስማ። እስከ ኒካህህ ድረስ ምንም ነገር እንዳታደንቅ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም። ዓይንህን መሬት ላይ ጣል፣ አፍህን ዝጋ። በሰላም እንጨርስ።» ለሌላ ሰው ጥሩ ምክር ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ስይዝ ልክ አላውቅም። ደግሞ ሳልነግራችሁ፣ ውስጥ ውስጡን ማመን ጀምሬ ነበር። ከተማው ሁሉ ዓይንህ ይጎዳል ሲልህ ከርሞ በዓይንህ እንዴት ትተማመናለህ? ጢሜን ስላጭ እንኳ መስታወት አላይም ነበር፤ ምናልባት ቆንጆ ሆኜ ብገኝስ? አገጬ በምላጭ አለቀ። ሐይቁን ሳልፍ ፊቴን ወደ ተራራው አዞራለሁ። ደንበኛ ሲመጣም ቀና አልልም፤ ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ኒካሁ ሲቃረብ ስኳርና ሳሙና ይዤ ለጥየቃ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ ተቀበሉኝና፣ አንድ ነገር የረሱ መስለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሰዓዳ ወጣች። የለበሰችው ደሴ ድረስ ሄዳ ጨርቁን መርጣ ያሰፋችውን ቀሚስ ነበር፤ ሰማያዊ ነው፣ አንገቱ ዙሪያ በብር ክር ተጠልፏል። እጇ ላይ እንሶስላው ገና ደማቅ ነው። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ምኑ ይባላል እንዴ? ቀሚሱ ነዋ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አይቻታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳላስበው። ያን ሁሉ ጊዜ ቆርቆሮና ጫማ ሳደንቅ የከረምኩት ለዚች ደቂቃ ስለማመድ ነበር ያሰኛል። አፌ ላይ የመጣው ቃል ብዛቱ! ግን ደግሞ ላሟ ትዝ አለችኝ። የከማል መስታወት፣ የጋሽ ገብሬ መረብ ትዝ አለኝ። ማሻአላህ ብል እንኳ ቢዘገይስ? እሷ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ዓይኔን ጫማዬ ላይ ተከልኩ።

«ደህና ነው» አልኩ።

«ደህና?»

«ምንም አይልም።»

ጠበቀች። ያን ቀን በበሩ ጥግ ሆና እንደጠበቀችው ጠበቀች። ያን ቀን ምን እንደምትጠብቅ አላወቅኩም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ፣ አውቄም ዝም አልኩ።

«ወይ አላህ!» አለች በመጨረሻ። «ላሟ እንኳ ከዚህ የተሻለ ተብሎላታል።»

ሳቀች። ስትስቅ ቀለለኝ፣ አለፈልኝ ብዬ ቀና ስል ግን ገብታለች።

በሳምንቱ አጎቴ እንድሪስ መጡ። ከዘራቸውን የትም ሳይደግፉ፣ ቆመው ነው የነገሩኝ። «አባት እሺ ብሏል። እናት እሺ ብላለች። ልጅቱ አልፈልግም አለች። ያለ ፈቃዷ ደግሞ ኒካህ የለም። ምን አድርገሃት ነው?» አሉኝ። ምንም አላደረግኳትም አልኩ፤ እውነት ነበር፣ ጥፋቱም እሱው ነበር።

ራሴ መሄድ ሲገባኝ ከማልን ላክሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እግር አጥቼ ነው? «ፈርቼላት ነው በልልኝ» አልኩት። ከማል ሄዶ ተመለሰ። ባጃጁን አጥፍቶ፣ መሪው ላይ ተደግፎ፣ ለሱ ደንብ ባልሆነ ቀስታ ነገረኝ።

«‹እኔን ማየት ከፈራ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳልታይ ልኖር ነው?› አለችህ።»



ባለፈው የገበያ ቀን አስፋልቱ ዳር ቆሜ ነበር። ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ቆመ። ሰዓዳ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፣ እናቷ ከጎኗ ናቸው። ደሴ ለሚነግድ ሰው ታጭታለች፣ የሠርግ ዕቃ ሊገዙ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ደህና አድርጌ አየኋት። እሷ አላየችኝም። ረዳቱ በሩን ዘጋ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ከዘገየ በኋላ አፌ ተከፈተ።

«ቆንጆ ነሽ» አልኩ። «ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነሽ።»

አጠገቤ ሸንኮራ ዘርግተው የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። ቀና ብለው አዩኝ። ግራ ቀኛቸውን ተመለከቱ፤ ከእኔና ከእሳቸው በቀር አጠገባችን ሰው የለም። ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ፣ የወጣችውን ሽበት ወደ ውስጥ አስገቡ።

«አላህ ያክብርህ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»

ለእርስዎ አይደለም ማለት አልቻልኩም። ሚኒባሱ ኩርባውን ታጥፎ ሄዷል።

«እስኪ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።